ጋሽ አደሎና የደረቀው መስመር

ጋሽ አደሎ መሞታቸውን የሰማሁት ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ማር የሚሸጥልኝ ሰው ከጌጫ ነው የሚመጣው። ማሩን እየመዘነ፣ «ያ የእናንተ ሰፈር የችግኝ ሰውዬ አርፈዋል። ማክሰኞ ቀበርናቸው» አለኝ። ማሩን ተቀብዬ ይሁን ትቼው የሄድኩት እስካሁን ትዝ አይለኝም።

ካረጁ በኋላ ጌጫ ልጃቸው ዘንድ ገብተው ይኖሩ ስለነበር፣ እኛ ከተማ ሚዛን ውስጥ ድንኳን የጣለላቸው የለም። እኔ ግን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሦስት ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። የመጣ የሄደውን ሁሉ «ወንድሜ ሞቶብኝ ነው» አልኩት። አንዷ ጎረቤቴ ግራ ገባት።

«እትዬ የሺ፣ የእርስዎ ወገን ወሎ አይደለም እንዴ? የጌጫ ወንድም ደግሞ ከየት መጣ?»

«ከምንጩ» አልኳት። ወጣት ናት፤ አልገባትም።

በኋላ ልጃቸው ቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ላከችልኝ። በሺህ የሚቆጠር ችግኝ የተከሉ፣ ታታሪ፣ ደግ፣ ለሰው አዛኝ ይላል። ታታሪ የሚለው ልክ ነው። ሌላው መስተካከል አለበት። እሳቸው «ተከልኩ» የሚለውን ቃል አይወዱትም ነበር። አዛኝም ናቸው ማለት አይቻልም። ቢያንስ ለእኔ አላዘኑልኝም፤ የማልረሳቸውም ለዚህ ነው።

ነገሩ መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሆነ ነው። ሚዛንና አማን ገና አንድ ከተማ አልተባሉም። ከሰፈራችን በላይ፣ ደኑ የሚጀምርበት ተዳፋት ሥር አንድ ምንጭ አለ። ሰፈሩ በሙሉ ከእሱ ነበር የሚጠጣው። ሰው ግን ለቡና፣ ለበቆሎ፣ ለጎደሬ እያለ ደኑን ከሥር ከሥሩ መነጠረው። ያን ጊዜ ነው ምንጩ መቅጠን የጀመረው። በታኅሣሥና በጥር አንዲት እንስራ እስክትሞላ ቆመን ጸጉር ተሠርተን እንጨርስ ነበር። በወረፋ የተነሳ ሴት ከሴት ተፈነካከተች። ከፈነከቱት አንዷ እኔ ነኝ።

ምንጩንና ደኑን የሚጠብቀው ማኅበራችን የተቋቋመው ከዚያ ጠብ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ መምህር ታደሰ ነበሩ፤ ጨዋ ሰው፣ ስብሰባ የሚወዱ። የችግኙን ሥራ የያዙት ግን ጋሽ አደሎ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቴፒ ቡና እርሻ ላይ ችግኝ ሲያፈሉ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው ወደ እኛ ሰፈር የመጡ ሰው ነበሩ። ደኑ ውስጥ ትልልቅ ዛፎች ላይ የሰቀሏቸው ቀፎዎች ነበሯቸው። ከንቦቻቸው ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በካፊ ኖኖ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። አማርኛውን ካደጉ በኋላ የተማሩት ስለሆነ ቃሉን አንድ በአንድ መርጠው ነው የሚያወጡት። ድምፃቸው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፤ በሽተኛ የተኛበት ቤት የገቡ ይመስላሉ። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ቸኩሎ የሚናገር ሰው ሞኝ ይመስላል። እኔ ብዙ ጊዜ መስያለሁ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ችግኝ ከተተከለ ከሳምንት በኋላ ይመጡና በሁለት ጣታቸው ግንዱን ይዘው ወደ ላይ ሳብ ያደርጉታል፤ ቀስ ብለው፣ ሕፃን ጆሮ እንደሚይዝ ሰው። ካልተነቃነቀ «ይዟል» ይላሉ። ከተነቃነቀ «አልያዘም» ብለው አፈሩን በተረከዛቸው ይረግጡታል። ይህን ንግግር ለሰውም ያውሉታል። ትልቋን ልጄን የዳርኩ ጊዜ ሙሽራው እንዴት ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጠላቸውን ጨለጥ አድርገው፣ «ጥሩ ልጅ ነው። ግን ገና አልያዘም። ሁለት ክረምት እንየው» አሉ። አማቼ ይህን ሰምቶ ሁለት ክረምት ሙሉ አኩርፏቸዋል።

ሌላው ማኅበር በሐምሌ ይተክልና ፎቶ ተነስቶ ይበተናል። እኛ ዓመቱን የምንዘጋው በጳጉሜ ነበር። በእነዚያ ቀናት ምንጩን እንጠርጋለን፤ አጥሩን እንጠግናለን፤ ችግኙን የዋጠውን አረም እናነሳለን። ከዚያ ስም ጥሪ ይመጣል። ይህን ያመጡት ጋሽ አደሎ ናቸው። ባለፈው ክረምት የተተከለውን እያንዳንዱን ችግኝ፣ መስመር በመስመር፣ እንደ ተማሪ ይጠሩታል። እሳቸው ከፊት፣ እኛ ከኋላ።

«ዋንዛ!» ይላሉ።

የተከለው ሰው «አለ!» ይላል።

«ብርብራ!»

«አለ!»

«ጥቁር እንጨት!»

«የለም።»

«የለም» ማለት የሚያሳፍረውን ያህል ምን ላስረዳ! አንዳንዱ ቀልደኛ «አሞት ቀርቷል» ወይም «ፈቃድ ጠይቋል» ይላል። ሰው ይስቃል። እሳቸው ግን አይስቁም፤ አይቆጡምም። ቆም ብለው ባዶውን ቦታ ያዩታል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ያ አተያይ ከስድብ ይከብድ ነበር።

አንድ ዓመት ከግብርና ቢሮ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። ለዓመቱ ሪፖርት የተተከለውን ቁጥር ፈልጎ ነው። ጋሽ አደሎ የቆሙትን ነገሩት።

«አባቴ፣ የጸደቀውን አይደለም፤ የተተከለውን ነው የምፈልገው» አላቸው።

«የተተከለውን ምን ያደርግልሃል?»

«ቅጹ ላይ ያለው እሱ ነው።»

«ልጄ፣ ምንጩ ቅጽ አያውቅም» አሉት። ሆኖም ቁጥሩን ከመምህር ታደሰ መዝገብ አስፈልገው ሰጡት። በእንግዳ ላይ አይጨክኑም ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ማኅበሩ ደንብ ነበረው። ከደንቡ አንዱን አንቀጽ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ችግኝ ያጠፋ ሰው፣ በእጁም ይሁን በከብቱ፣ ለአንድ ዓመት ወደ ምንጩም ወደ ደኑም አይደርስም፤ ይህ ነው። ገንዘብ ይቀጣ ያሉ ነበሩ። እኔ ተነስቼ «ገንዘብማ ያለው ከፍሎ ያጠፋል፤ የሌለው ይሞታል። ውሃ ግን ሁሉንም እኩል ይጠማል» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። መጀመሪያ የተቀጣው አቶ በቀለ ነው፤ የከብት ነጋዴ፣ የሰፈሩ ሀብታም። በሬዎቹ አጥሩን ጥሰው ገብተው አንድ መስመር ዋንዛ ግጠው ሄዱ። እጥፍ ልትከል አለ፤ ቆርቆሮ ልስጥ አለ። ሽማግሌ ላከ። እኔ ምንጩ በር ላይ ተቀምጬ እምቢ አልኩ። ዓመቱን ሙሉ በአህያ ከወንዝ አስቀዳ። ያኔ ነው ሰው ደንባችንን ማመን የጀመረው።

ዘነበች የምትባል ሴት ደግሞ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ ከደኑ የወደቀ እንጨት ለቅማ ሚዛን ገበያ እያወረደች የምትኖር። የደረቀና የወደቀ መልቀም ደንባችን ይፈቅዳል። ከደኑ ስትወርድ የምታልፍበት ቀጭን መንገድ፣ በተዳፋቱ አናት፣ የላይኛው መስመር የሚባለውን ይነካል። የላይኛውን መስመር የተከልኩት እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ጳጉሜ ስም ጥሪው ከታች ጀምሮ ሲወጣ በጣም ጥሩ ነበር። «አለ፣ አለ፣ አለ» እያልን፣ ልጆች ዘፈን አደረጉት። አናቱ ላይ ስንደርስ ጋሽ አደሎ «ብርብራ!» አሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መስመሩ በሙሉ ደርቋል። ቅጠል የለም፤ የተሰካ ጭራሮ ነው። አንዳንዱ ተሰብሮ መንገዱ ላይ ወድቋል።

«የለም» አልኩ። «የለም። የለም።» እስከ መጨረሻው እንዲሁ።

ደሜ ፈላ። ከዝናብ ጋር ታግዬ በእጄ የተከልኳቸው ናቸው። መንገዱን አየሁ፤ የተሰበሩትን አየሁ፤ ዞሬ ዘነበችን አየኋት። ሌሎቹም አዩዋት።

«በሸክምሽ ነው የጨረስሻቸው» አልኳት።

«እትዬ የሺ፣ በልጆቼ ሞት! ዳር ዳሩን ነው የምሄደው!»

«ታዲያ ማን ሰበራቸው? እኔ?»

«ሲደርቁ አይቻለሁ። በጥር ነው የደረቁት። እኔ አልነካኋቸውም።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ብናገር እኔን ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» ብላ አለቀሰች። ማልቀሷን ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠርኩት።

መምህር ታደሰ በማግስቱ ስብሰባ ጠሩ። ምሽቱን ሁለት ሴቶች ቤቴ መጥተው ለመኑኝ፤ ድሃ ናት፣ ከደኑ ከታገደች ምን ትበላለች አሉኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የታየኝ። ለበቀለ ያልታጠፈ ደንብ ለዘነበች ከታጠፈ፣ ነገ በቀለ በሬዎቹን ይዞ ይመጣል። ዛሬም ይህ ሐሳብ ስህተት አይመስለኝም። ስህተቱ ሌላ ነበር።

በማግስቱ ከስብሰባው በፊት፣ ካፊያ እየጣለ፣ ጋሽ አደሎ ደጃፌ ላይ ቆሙ። ትከሻቸው ላይ ኬሻ ጣል አድርገዋል፤ ገጀራቸው ብብታቸው ሥር ነው።

«የሺ፣ ዶማ ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

«የት?»

«ላይ።»

ጭቃውን እየተንሸራተትን ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ ከደረቁት አንዱን አሳዩኝና፣ «ቆፍሪው» አሉ። ቆፈርኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው እንኳ አላዩም፤ ደኑን ነበር የሚያዩት። ሁለቴ ሦስቴ ከቆፈርኩ በኋላ ዶማው አንድ ነገር ይዞ ወጣ። ጥቁር ላስቲክ ነው። ችግኙ የፈላበት ላስቲክ፣ እንዳለ፣ ሳይቀደድ። ሥሩ መውጫ አጥቶ በውስጡ እየዞረ እየዞረ እንደ ገመድ ተጠምዝዟል፤ ከዚያ ደርቋል።

ሌላ ቆፈርኩ። ላስቲክ። ሌላ። ላስቲክ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ላስቲኩ የተቀደደበት ችግኝ ቶሎ ውሃ ይጠማዋል፤ ላስቲኩ ደህና የሆነው ግን ርጥበቱን ይይዛል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሽ አደሎ ደግሞ ስትተክሉ ላስቲኩን አውልቁ ብለው አሳይተውናል፤ እኔን ለብቻዬ ሁለቴ ነግረውኛል። የላይኛው መስመር ድንጋያማ ነው፤ በበጋ እንደ ምጣድ ይግላል። እኔም በልቤ «እሳቸው የታችኛውን መሬት ነው የሚያውቁት፤ እዚህ ላይ ላስቲኩ ቢቀርለት ውሃውን ይይዝለታል» አልኩ። ላዘነለት ልጅ ልብስ እንደሚደርብ ሰው፣ ከነላስቲካቸው ቀበርኳቸው። ለማንም አልተናገርኩም። አድገው ሲታዩ ልነግራቸው ነበር።

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ያሰብኩት ስለ ችግኙ አይደለም። «በልጆቼ ሞት» ያለችው ድምጿ ነው የመጣብኝ።

«መቼ አወቁ?» አልኳቸው።

«ትናንት። የተሰበሩት ከደረቁ በኋላ ነው የተሰበሩት። እርጥብ እንጨት እንዲህ አይሰበርም።»

«ለምን ያኔውኑ አልተናገሩም?»

«ሰው ፊት ብናገር ትከራከሪኝ ነበር» አሉ።

እውነታቸውን ነው። እከራከር ነበር።

ከዚያ ላስቲኮቹን ሰብስበው ኬሻቸው ውስጥ ከተቱና፣ «የችግኙ ኃላፊ እኔ ነኝ። ተተክሎ ሳላየው ያለፍኩትም እኔ ነኝ። ለስብሰባው ይህንኑ እላለሁ» ብለው ቀድመውኝ ወረዱ።

ስብሰባው ከምንጩ አጠገብ፣ ለዓመቱ መዝጊያ በሠራነው ዳስ ውስጥ ነበር። ሴቶች ጎደሬ ቀቅለው፣ ቆጮ ጋግረው፣ ቅመም የገባበት የቡና ቅጠል አፍልተው ዳር አስቀምጠዋል። ዘነበች ልጆቿን ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ እንድትቀመጥ የጋበዛት የለም። ጋሽ አደሎ ላስቲኮቹን መሐል ላይ ዘረገፏቸው።

«ዘነበች አልገደለችም» አሉ። «ይህ ነው የገደለው። ሳይወልቅ ተተክሏል። የማየት ሥራው የእኔ ነበር፤ አላየሁም። ደንቡን በእኔ ላይ አድርጉት።»

ደንቡ በእሳቸው ላይ ሆነ ማለት ዓመቱን ሙሉ ቀፎዎቻቸው ጋ አይደርሱም ማለት ነው። ማሩ እንዳለ ይቀራል፤ ጡረታቸው ደግሞ ለምንም አትበቃም። መምህር ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«መቼም ጋሽ አደሎን ማገድ... የሺም ብትሆን ካልተነገራት ምን ታድርግ? ይህ በዘመቻ ጥድፊያ የሆነ ነገር ነው። በይቅርታ እንለፈው» አሉ።

«ይለፍ! ይለፍ!» አለ ሰው። ጎደሬው እየቀዘቀዘ ነበር።

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ዝም ብል ኖሮ ዘነበች ነጻ ናት፤ ጋሽ አደሎ ነጻ ናቸው፤ እኔም ነጻ ነኝ። አቶ በቀለ ከወደ ኋላ ተቀምጦ ጥርሱን እየፋቀ ነበር። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጋሽ አደሎ ደግሞ መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም። ቢያዩኝ ተገድጄ የተናገርኩ ይመስለኝ ነበር።

ተነሳሁ። «ተነግሮኛል» አልኩ። «አውልቂ ተብዬ ሁለቴ ተነግሮኛል። ከእሳቸው አውቃለሁ ብዬ ነው የተውኩት። ችግኙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በሰው ላይ ያላከክሁትም እኔ ነኝ። ዓመቱ ከነገ ይጀምር።»

«እትዬ የሺ፣ ተይ እንጂ!» አሉ ሴቶቹ።

«በቀለ ሲቀጣ ተይ ያላችሁኝ የት ነበራችሁ?»

ያን ጊዜ አቶ በቀለ መፋቂያውን ከአፉ አወጣና፣ «አህያዬን ላከራይሽ?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አህያውን አልወሰድኩም።

ዘነበች ጋ ሄጄ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። ይቅር ብያለሁ አለች። ፊቷ ግን ይቅር አላለም፤ ልክ ነበረች። ወራት ፈጅቷል።

ያን ዓመት ውሃ የቀዳሁት በአማን በኩል ካለው ወንዝ ነው። መውረዱ ቀላል ነው፤ ጀሪካን አዝሎ መውጣቱ ነው አሳሩ። ሃያ ሊትር ጀርባዬ ላይ አድርጌ አቀበቱን ስወጣ፣ ጉልበቴ በየእርምጃው ይንቋቋ ነበር። ጥር ሲገባ ሰው አዘነልኝ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ቀሪው ጊዜ ይማርላት የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሁሉም እጁን አወጣ፤ አንድ ሰው ሲቀር። ይህን የነገረችኝ ዘነበች ናት። ወንዝ ድረስ ወርዳ ነው የነገረችኝ። ያን ቀን ነው ከልቧ የታረቀችኝ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ሽማግሌ ናቸው!» አለች። «ሁሉም ተስማምቶ እሳቸው ብቻ እምቢ አሉ!»

«ምን ብለው?»

«'የሺ ለበቀለ ያልሰጠችውን ለራሷ አትቀበልም። ብንሰጣት ነው የምትጣላን' አሉ። መምህርም አፈሩና ተዉት።»

ጀሪካኑን አስቀምጬ ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅሁት። ዘነበች ያበድኩ መሰላት። በሕይወቴ ብዙ ሰው ወዶኛል፤ ብዙ ሰው ፈርቶኛል። እንደዚያ አድርጋ ግን እናቴም አላወቀችኝም።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ጀሪካኔን አዝዬ አቀበቱ መሐል ስደርስ ጋሽ አደሎ ከላይ ሲወርዱ ተገናኘን። ወደ አማን ጤና ጣቢያ ለመድኃኒት እየሄዱ ነበር፤ ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነው። ላግዝሽ አላሉኝም። አይዞሽ አላሉኝም። ሰላምታ ሰጡኝና፣ ዞረው ከጎኔ መውጣት ጀመሩ። ስቆም ይቆማሉ፤ ስሄድ ይሄዳሉ። ያወሩልኝ ስለ ንቦች ነው። አንዱ መንጋ ንግሥቲቱን ይዞ ከቀፎ ወጥቶ የብሳና ዛፍ ላይ እንደሰፈረ፣ ጭስ ሳይነካቸው እንዴት እንደመለሷቸው። እኔ ትንፋሼ ስላጠረ አልመለስኩላቸውም፤ እሳቸውም መልስ አልጠበቁም።

ደጃፌ ስንደርስ ጀሪካኑን አወረድኩ። ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው «ደህና ዋይ» አሉኝ። ከዚያ ወረቀታቸውን ይዘው ያን ሁሉ ቁልቁለት እንደገና ወረዱት።